የአቶ ሃሜሶ ቤት እና እኔ ባለአደራው

ባለፈው ሰሞን ጡረታ ወጣሁ። ቢሮው ኬክ ቆረሰልኝ፤ ኬክ አልወድም። ሰሃኑን ይዤ ቆሜ ሳለሁ አዲሱ ጠበቃ፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ ልጅ፣ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና፣

«ጋሽ ጴጥሮስ፣ ይዩት እስቲ። የአደራ ሰነድ አሁን በግማሽ ሰዓት ያልቃል። የሰጪው ስም እዚህ፣ ንብረቱ እዚህ፣ ባለአደራው እዚህ» አለኝ።

«ቤቱን ሄደህ አየኸው?» አልኩት።

«የቱን ቤት?»

«እዚያ ላይ የጻፍከውን ነዋ።»

«እሱ እኮ ለናሙና ነው» ብሎ ሳቀ።

ደግ ልጅ ነው፤ ሊያስደስተኝ ነው የፈለገው። እኔ ግን ኬኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። የጋሼ ተሰማን አሠራር እጽፋለሁ፤ እሱን የሚያስታውስ ከእኔ ሌላ አልቀረም። ስለ አንድ ቤትም እጽፋለሁ። እንድጠብቀው ተሰጥቶኝ፣ ስጠብቀው፣ የተሰጠላትን ሴት ከነልጆቿ ደጅ ያስወጣሁበት ቤት ነው። ሌባ ሆኜ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሌባ ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል።

የተወለድኩት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቡሹሎ ነው፤ ሲዳማ ነኝ። አማርኛ የተማርኩት የቀን ሥራ ላይ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተማርኩት ስድቡን ነው። ሲሚንቶ ተሸከምኩ፣ አሸዋ ነፋሁ፣ ወገቤ እንቢ ሲል ዘበኝነት ፈለግሁ። የተቀጠርኩት መናኸሪያው አካባቢ ባለ አንድ የጥብቅና ቢሮ ነው። ሁለት ክፍል፣ ሰማያዊ በር፣ ግቢው ውስጥ አንድ የዘይቱን ዛፍ። ጌታዬ ጋሼ ተሰማ ከሸዋ የመጣ፣ ድሮ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ፣ ኋላ ጠበቃ የሆነ ሰው ነበር። ቀጭን ነው፤ ባርኔጣውን ቢሮ ውስጥም አያወልቅም። ያኔ ከተማው ጸጥ ያለ ነበር። ባጃጅ ሳይወረን፣ ጋሪው ሲያልፍ የፈረሱን ኮቴ ሰምቼ የማን ጋሪ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ደብቄው ኖሬያለሁ። ፖስታ ሲሰጠኝ በቀለሙ፣ በውፍረቱ፣ በታሰረበት ክር ለይቼ አደርስ ነበር። አንድ ቀን ሁለት እኩል ፖስታ ሰጠኝና የባልን ለሚስት፣ የሚስትን ለባል አደረስኩ። የሚፋቱ ሰዎች ነበሩ። ጋሼ ተሰማ ጠራኝ።

«ጴጥሮስ፣ ፊደል ትቆጥራለህ?»

«አልቆጥርም።»

«ከነገ ጀምሮ የማታ ትምህርት ትገባለህ።»

«ማታ ማን ይጠብቃል?»

«እኔ።»

የቀለደ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካፖርቱን ደርቦ መጣና በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ። ዱላዬንም ተቀበለኝ። ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ጉልበቴ የማይገባበት የሕፃናት ዴስክ ላይ «ሀ ሁ» ስል፣ ጠበቃው በር ላይ ዘብ ቆሟል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ደንበኞቹ አይተው ይስቁ ነበር። «ጠበቃ ማለት እኮ የሚጠብቅ ነው» እያለ እሱም አብሮ ይስቃል። ሞቶም ሳስታውሰው የሚታየኝ ጠረጴዛው ጋ አይደለም፤ በርጩማዬ ላይ ነው።

ማንበብ ስችል ወደ ውስጥ አስገባኝ። መጀመሪያ ማህደር አስደረደረኝ፣ ቀጥሎ ሰነድ አስገለበጠኝ፣ ሲዳምኛ ብቻ የሚናገር ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ አስተርጓሚ ሆንኩ። ደመወዙ ከዘበኝነቱ እምብዛም አይለይም ነበር። ስለሱ ይኸው በቂ ነው።

ከሥራው ሁሉ ጋሼ ተሰማ የሚወደው የአደራ ሰነድ ነበር። ለማያውቅ ልንገር። አንድ ሰው ቤት፣ ማሳ ወይም ሱቅ አለው። የሚጠቀምበት ሰው ሕፃን ነው፣ በሽተኛ ነው፣ ወይም ዘመድ የሚነጥቀው ደካማ ነው። ስለዚህ ንብረቱን ከእጁ አውጥቶ ለሚያምነው ባለአደራ ያስረክባል። ባለአደራው ይይዛል፣ ያስተዳድራል፣ በፍርድ ቤት ይቆምለታል፤ ባለቤት ግን አይደለም። ጥቅሙ ሰነዱ ላይ ለተጻፈው ሰው ብቻ ነው። ሕጉ መጽሐፍ ላይ አለ፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። ሰው ኑዛዜ ይወዳል፤ እሱ ከሞተ በኋላ የሚጣላ ስለማያይ መሰለኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሰጪው ሲመጣ አብረውት የመጡትን ሁሉ ሻይ ጠጡ ብሎ ያስወጣል። ሚስትም ብትሆን፣ ቄስም ቢሆን፣ ፓስተርም ቢሆን። ከዚያ ብዕር አያነሳም። ወሬ ይጠይቃል። ማን ከማን ተኳረፈ፣ ለቅሶ ላይ ማን ቀረ፣ በሬው ሲታመም ማን መጣ። በማግስቱ ንብረቱን ለማየት በእግሩ ይሄዳል። ግድግዳውን በመዳፉ ይደባብሳል፣ ጎረቤት አጥር ላይ ተደግፎ ያወራል፣ ዛፍ ካለ ይቆጥራል። ረቂቁን በእርሳስ ይጽፋል። ሲያነብለት ጀርባውን ለሰጪው ሰጥቶ፣ ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው።

«ለምን ይዞራሉ ጋሼ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሰው ፊቴን ካየ እሺ ይለኛል። ካላየኝ ትንፋሹን እሰማለሁ። ትንፋሹ የቆመበት አንቀጽ ላይ ችግር አለ።»

እውነቱን ነው። ኋላ እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል።

ባለአደራ ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት ግን ከጀልባ ነው። ሐይቅ ዳር አንድ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ አእምሮው የታመመ ልጅ ነበረው። ጀልባውን ለልጁ መኖሪያ ብሎ በአደራ ሰጠ። ባለአደራ የሆነው ወንድሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ሰው እንዳይሰርቀው ብሎ ጀልባውን ከውሃ አውጥቶ፣ ግቢው አስገብቶ፣ በሰንሰለት ከዛፍ ጋር አሰረው። በበጋው እንጨቱ ደረቀና ተሰነጠቀ። የእንጨት ጀልባ ውሃ ካልነካው ይሞታል። ሰውዬው ሰንሰለቱን እያሳየን ያለቅሳል፤ «አንድ ቀን እንኳ አልተነካም» ይላል። ስንመለስ ጋሼ ተሰማ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ፣ «ጴጥሮስ፣ አየህ? ይህ ሰው ታማኝ ነው። ታማኝነት ብቻውን ጀልባ ይሰነጥቃል» አለኝ። ገባኝ ብዬ ነበር።

ሌላ አንድ ልማድ ነበረው፤ መዘዙ እሱ ነው። ተጠቃሚውን በዓመት አንድ ጊዜ በምስክር ፊት በአፉ ያናግረዋል። «ይህ የማን ነበር? ለምን ተሰጠህ?» ይላል። ተጠቃሚው የሰጪውን ስም ጠርቶ ምክንያቱን ይናገራል። «በእጅ የተቀበሉት ይረሳል፣ በአፍ የተናገሩት ያሳፍራል» ይል ነበር። ያየሁት ነገር ነው። ቤቱን ሊሸጥ ደላላ ይዞ የመጣ ጎረምሳ «የአያቴ የወይዘሮ እገሌ ነበር፣ እኔን እንዲያስተምር» ብሎ ጀምሮ፣ መጨረስ አቅቶት፣ ደላላውን አሰናብቶ ሄዷል። እኔ ይህን ልማድ ከሁሉም አብልጬ ወደድኩት። ስጽፍ ደግሞ አንቀጽ አደረግሁት፤ ያልተናገረ ጥቅሙ ይቀርበታል፣ ለቀጣዩ ተጠቃሚ ይተላለፋል ብዬ። ጋሼ ተሰማ ቅጣት አልጻፈበትም ነበር። ቅጣቱ የእኔ ነው።

ስኳር የጋሼ ተሰማን ዓይን እያደከመው ሲሄድ ሥራው ወደ እኔ ዞረ። ለአንዳንዱ ሰነድ ባለአደራም እኔው ሆንኩ። ሰው «አቶ ጴጥሮስ ይያዝልን» ይል ጀመር። ሸሚዝ መተኮስ ጀመርኩ። ደብዳቤ ሳነብ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። በቢሮው ውስጥ ከሲዳማ ደንበኛ ጋር እንኳ አማርኛ ነበር የምናገረው። ፊደል ዘግይቶ የገባለት ሰው እንደ አዲስ ባለ ጫማ ነው፤ መሬቱን ሳይሆን እግሩን እያየ ይሄዳል።

አቶ ሃሜሶ በዚያ ጊዜ መጣ። ሲዳማ ነው፣ የቡሹሎ ሰው፣ የተከበረ ሽማግሌ። ከተማ ውስጥ ቤት ነበረው። ልጁ ማቴዎስ ሞቶ ሚስቱ ዓለሚቱ ከሁለት ሴት ልጆች ጋር እዚያ ትኖራለች። ሌላው ልጁ ዳንኤል ቤቱ ላይ ዓይኑን ጥሏል። «እኔ ስሞት ያስወጣታል» አለኝ ሽማግሌው። «ልጄን ያስታመመችው እሷ ናት። እኔንም ያጠበችኝ እሷ ናት። እዚያ ቤት ትኑር፣ ልጆቿን ታስተምር።» ባለአደራ እኔ፣ ተጠቃሚ ዓለሚቱ፣ ቀጣይ ተጠቃሚ ዳንኤል። ዳንኤልን ያስገባው እንዳያኮርፍ ብሎ ነው።

ረቂቁን ያነበብኩለት በአማርኛ ነው። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነበር፤ ዋና ዋናውን በሲዳምኛ ነገርኩት፣ የመጨረሻዎቹን አንቀጾች ግን «ይሄ የተለመደ ነው አባ» ብዬ አለፍኩ። ጀርባዬን አልሰጠሁትም። ትንፋሹን አልሰማሁም። በአውራ ጣቱ ፈረመ።

ሽማግሌው ከሞተ በኋላ የመጀመሪያው የመናገሪያ ቀን ደረሰ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፍቼ ማግስት ነበር፤ ዘመድ ከያለበት ለበዓሉ ስለሚገባ ቀኑን እኔ ነኝ የመረጥኩት። ከበዓሉ አደባባይ ከጉዱማሌ የተመለሰው ሰው ገና የበዓል ልብሱን አላወለቀም። በረንዳው ላይ ተቀመጥን፤ እኔ፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች፣ ዳንኤልና ዓለሚቱ።

«ይህ ቤት የማን ነበር?» አልኳት በአማርኛ።

«የአባታችን ነው» አለች።

«ስሙን ጥሪ።»

«የማቴዎስ አባት።»

«ሰነዱ ስም ይላል።»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና በሲዳምኛ፣ «ጴጥሮስ፣ ተው ልጄ። እንለፈው» አለኝ።

«አባ፣ ይሄ የሽምግልና ጉዳይ አይደለም፤ የሰነድ ጉዳይ ነው» አልኩት፤ እሱንም በአማርኛ።

ዳንኤል ፈገግ አለ። «አታውቀው ይሆናላ» አለ። «ስንት ዓመት የበላችበትን ሰው።»

ዓለሚቱ መሬት መሬቱን እያየች ቀረች። ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ላይ በዚያ በተለማመድኩት ቆንጆ ጽሕፈቴ «ተጠቃሚዋ ሦስት ጊዜ ተጠይቃ ዝም አለች» ብዬ ጻፍኩ። ሽማግሌዎቹ አንፈርምም ብለው ተነሡ። ዳንኤል ሌላ ሁለት ሰው ከመንገድ ጠርቶ አስፈረመ። ሰነዱ «ሁለት ምስክር» ይላል እንጂ የትኞቹ አይልም። በሳምንቱ ቁልፉን ወሰደ።

ለማያውቅ ልንገር፤ ለእኔ ግን ሰበብ አይሆነኝም። በእኛ ባህል ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ክብር ነው። ሞቶም አትጠራም። በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምር ቃል እንኳ ትተዋለች። የአባቴ አባት ዋሪሳ ይባላል፤ በሲዳምኛ ውሃም በ«ዋ» ነው የሚጀምረው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃን በሌላ ቃል እየጠራች ኖራለች። ይህን እያወቅሁ ነው የጠየቅኋት። አላወቅሁም ማለት አልችልም። ያን ቀን በረንዳው ላይ እናቴ ትዝ ብላኝ ነበር፤ አፈርኩባት። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ማህደር ይዤ፣ በሰው ፊት የእናቴን ነገር ማንሣት አሳፈረኝ።

ወደ ቢሮ ተመልሼ ለጋሼ ተሰማ ቃለ ጉባኤውን አነበብኩለት። ያን ጊዜ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለየው። ኩራት ቢጤ ነበረብኝ፤ ሰነዱን ሳላዛንፍ አስፈጽሜያለሁ።

«ለምን ዝም አለች?» አለኝ።

ነገርኩት። እንደ ተራ ነገር ነገርኩት።

«እናትህ የአያትህን ስም ስትጠራ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«እኔ የሸዋ ሰው ነኝ፤ አላውቅም ብል ያምርብኛል። አንተስ? ቢሮዬ ያስገባሁህ እኔ የማላውቀውን እንድታውቅልኝ ነበር። እኔን እንድትሆን አልነበረም።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ እመርጥ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ሲያወልቅ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ዓለሚቱ ቡሹሎ ከእኅቷ ጋር ተጠግታ ነበር፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሰው። ሄድኩ። ትልቋ ልጇ ሕይወት አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ ደብተሯን አስቀምጣ ልብስ ፋብሪካ ገብታለች። ዓለሚቱ የእንሰት ቅጠል እየሰነጠቀች ነበር፤ አልተነሣችም።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አልኩ፤ በሲዳምኛ።

«ዛሬ ቋንቋችንን ያውቃሉ ማለት ነው» አለች።

«እንደማትጠሪው አውቅ ነበር።»

«እኔም እንደሚያውቁ አውቅ ነበር። ፊትዎን አይቼዋለሁ።» ቅጠሉን መሰንጠቋን ቀጠለች። «ያን ቀን ልጄ ከጀርባዬ ቆማ ነበር። የልጅ ልጁ ናት፤ እሷ ብትጠራው ነውር የለውም። እሷን ጠይቁ ልል ነበር። ግን ሲጽፉ ሳይ ተውኩት። በጣም ቸኩለው ነበር የሚጽፉት።»

በዚያው ቀን ወደ ቢሮ ተመልሼ ማህደሩን አወጣሁ።

ፍርድ ቤት ከሰስኩ፤ በራሴ ላይ ማለት ነው። አንቀጹን ሰጪው በሚገባው ቋንቋ አላነበብኩለትም ብዬ በጽሑፍ አመንኩ። ዳንኤል ተከራከረ፤ «ሰነዱን የጻፈው ራሱ፣ ያስፈጸመው ራሱ፣ የሚከሰው ራሱ» እያለ ችሎቱን አሳቀ። እውነቱን ነበር። ማመልከቻዎቹን ሁሉ ጋሼ ተሰማ በቃሉ እየነገረኝ እኔ ጻፍኳቸው። ወደ ሦስት ዓመት ፈጀ። አንቀጹ ተሰረዘ፣ ቤቱ ለዓለሚቱ ተመለሰ። ውሳኔውን ሳነብለት ጋሼ ተሰማ ወደ ግድግዳ ዞሮ ነበር የሰማኝ። በዚያው ዓመት ሞተ። ዓለሚቱ ገባች፤ ትንሿ ልጅ ትምህርቷን ቀጠለች። ሕይወት ግን ወደ ቀን ትምህርት አልተመለሰችም። ሦስት ዓመት የሚመልስ ፍርድ ቤት የለም።

ከዚያ ወዲያ በጻፍኩት ሰነድ ሁሉ የመናገሩን ልማድ አላስቀረሁም፤ ቅጣቱን ግን ደግሜ አልጻፍኩም። ከመጻፌም በፊት ተጠቃሚዋ የማን ምራት እንደሆነች እጠይቃለሁ። ወጣቶቹ ጠበቆች ወሬ ወዳድ ነው ይሉኛል። ይበሉ።

ጡረታ ስወጣ የሃሜሶ ቤት አደራ ገና በእጄ ነበር። አዲስ ባለአደራ ያስፈልግ ነበርና ዓለሚቱ ልጇን ሕይወትን መረጠች። ከፋብሪካ ወጥታ የራሷን የስፌት ቤት ከፍታለች፤ የማታ ተምራ ጨርሳለች። ከእናቷ ጋር መጣች። ዓለሚቱ ሻይ ልጠጣ ብላ ራሷ ወጣች፤ ማንም አላስወጣትም።

ወጪው ባለአደራ ለገቢው የሠራውን ሁሉ ማሳየት አለበት። ወረቀቱን አንድ በአንድ አነበብኩላት። ያቺ ቃለ ጉባኤ ጋ ስደርስ ላልፍ ፈለግሁ፤ አላለፍኩም። «ተጠቃሚዋ ሦስት ጊዜ ተጠይቃ ዝም አለች።»

«ይሰረዝ» አለችኝ።

«ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም ልጄ። ከሥሩ ግን መጨመር ይቻላል።»

«እንግዲያው ይጻፉ» አለች። እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ እኔም ቀስ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዝም ያለችው አክብራው ነው። አቶ ሃሜሶ ቤቱን የሰጣት እንዲህ ዓይነት ሰው በመሆኗ ነው። ይህን የተናገርኩ የልጅ ልጁ ሕይወት ማቴዎስ።»

ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና የጻፍኩትን እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች አነበበች። በነገረችኝ ልክ መጻፌን ስታረጋግጥ ፈረመች።

«አሁን የቤቱን ካርታ ይስጡኝ» አለች።

ሰጠኋት።